አንክል ክፍሎም እንዳለው

እኔ በሰው መኪና ቀንቼ አላውቅም። በሰው ቤትም፣ በሰው ሱቅም፣ በሰው ቪዛም እንዲሁ። ባለቤቴ ገነት ይህን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ትሳቅ። እሺ፣ የቪዛውን እናውጣው። ሌላውን ግን እምላለሁ። እንቅልፍ ነስቶ፣ ጨጓራዬን ልጦ፣ በዚህ ዕድሜዬ የትምህርት ቤት ልጆች መሳቂያ ያደረገኝ ቅናት የመጣው ከአንድ ሽማግሌ ጆሮ ነው። አዎ፣ የቀናሁት በጆሮ ነው።

ጆሮዎቹ የጋሽ ክፍሎም ናቸው። ጋሽ ክፍሎም ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ከእኛ በላይ ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አስመራ ተወልደው፣ ጎልማሳነታቸውን አዲስ አበባ አሳልፈው፣ ኋላ እዚህ ጊጊሪ ካሉት የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ሲሠሩ ቆይተው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ሰው ሲያናግራቸው እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። አማርኛቸው ደግሞ፣ ይህን መጻፍ እንዴት እንደሚያንገበግበኝ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ከእኔ አማርኛ ይጠራል። እኔ ደብረ ብርሃን የተወለድኩት ሰው የስዋሂሊውን «ሳዋ» እና የእንግሊዝኛውን «ኦኬ» ሳልል አንድ ነገር ተናግሬ አልጨርስም። እሳቸው «እንደምን አደራችሁ» ብለው ደረጃውን ሲወርዱ ዜና የሚያነቡ ይመስላሉ። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላቸው፤ ቅናቱ ሲብስብኝ ግን በሆዴ አንተ እላቸዋለሁ።

እሳቸው ጆሮ ከሆኑ እኔ አፍ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሠርግ ቢኖር ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ሁለት ሸሪኮች ቢኳረፉ፣ አከራይ የተከራይን ዕቃ ኮሪደር ላይ ቢያወጣ፣ የናይሮቢ ሐበሻ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። መሃል ከተማ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ከሚገባው ሰው ቻርጀር ከሚፈልገው ሊታረቅ የመጣው ይበዛል። «ለእርቅ ተወልዷል» ሲሉኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያሉት እኔ መስማቴን እያወቁ ቢሆንም ምስክርነቱ ያው ምስክርነት ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። እንዲህ ያለ አባት ያላት ልጅ የሃይስኩሏ የክርክር ቡድን ውስጥ ስትመረጥ፣ አሠልጣኝ ፍለጋ ወዴት ትሄዳለች? የእኔዋ ፌቨን ፎቅ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ በቤታችን «አንክል ክፍሎም እንዳለው» ሳይባል እራት መብላት ቀረ። አንቱታ እዚህ ያደጉ ልጆች ላይ አልበቀለም፤ ጋሽ ክፍሎምን የሚያህል ሰው «አለው» ትላለች።

«አንክል ክፍሎም እንዳለው፣» ትላለች ሽሮዋን እየጠቀለለች፣ «መልስ ከመስጠትህ በፊት ሌላው ሰው ያለውን በራስህ ቃል ድገመው።»

«የሌላውን ስደግም የራሴን መቼ ልናገር ነው?»

«እሱ ነው ፕሮብለሙ፣ አባዬ።»

ገነት ሳቋን በውሃ ብርጭቆ ሸፈነች።

የካምፓላው ነገር የመጣው በዚሁ ማዕድ ላይ ነው። ፌቨን አንድ ቀን ጉሮሮዋን ጠርጋ «አባዬ፣ ዘንድሮ ፋይናል የሚደርሱ ሁለት ቡድኖች ለምሥራቅ አፍሪካ ውድድር ካምፓላ—» ስትል «አይሆንም» አልኳት።

«ገና አልጨረስኩም እኮ።»

«ጨርሰሻል። ማን አብሮሽ ይሆናል? የቤተ ክርስቲያን ሰው ምን ይላል? ደግሞስ የሰው አገር ነው!»

«ይሄስ የማን አገር ነው?» አለች ገነት ወደ መስኮቱ እያየች።

ፌቨን አልተከራከረችኝም። የክርክር ቡድን አባል ናት፤ ለእኔ ግን አንዲት ቃል አላወጣችም። ሳህኗን አነሳች፣ ታጠበች፣ ወጣች። የእግሯን ኮቴ ተከትዬ ሰማሁት፤ ወደ ላይ ነው የሄደው።

እንደ ትልቅ ሰው ታግሼ ልቀመጥ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ትንሽ ቆይቼ ተከትዬ ወጣሁና በሩን አንኳኳሁ። ሰበብ ይዤ ነው እንጂ ዝም ብዬማ አልሄድም። በዚህ ከተማ የሰው በር ለማንኳኳት የማያረጅ ሰበብ አንድ ነው።

«ጋሽ ክፍሎም፣ እርስዎ ጋ ውሃ አለ?»

በተከፈተው በር አሻግሬ ሳይ ልጄ ሳሎኑ መሃል ቆማለች። እጇ አየር ላይ ነው፤ ፊቷ በርቷል። የእሳቸው ወንበር ፊት ለፊቷ ነው፣ ስልካቸው ደቂቃ እየቆጠረ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እኔን ስታይ እጇን አወረደች፤ አፏም ተዘጋ።

«ውሃ አለ» አሉኝ ጋሽ ክፍሎም በትህትና። ሌላ ምን ይበሉኝ?

ደረጃውን ስወርድ የተሰማኝን አልደብቃችሁም። እኔ ፊት ዝም የምትል ልጅ እሳቸው ፊት እንደ ቧንቧ ትፈሳለች። የሰው ባልና ሚስት ከሞምባሳ ድረስ ምክር ሊሰሙ የሚመጡብኝ ሰው፣ የገዛ ልጄ «እስቲ ስማኝ» ብላኝ አታውቅም። እንድትጠይቀኝ ፈለግሁ። አንድ ጊዜ ብቻ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ይጎድልባታል?

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ በወላጆች ዋትሳፕ መልእክት ላከ፤ ለውድድሩ ዳኛ የሚሆኑ ወላጆች ይፈለጋሉ ይላል። ዳኛ! እግዜር የከፈተልኝ በር መሰለኝ።

«አባዬ ፕሊስ፣ አንተ አትምጣ» አለች ፌቨን።

«ለምን?»

«ዳኛ ማለት እኮ የሚያዳምጥ ሰው—»

ሳትጨርስ ተመዘገብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የሠርግ ሱፌን ለብሼ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስደርስ ከፊት ወንበር ላይ ማንን አየሁ? የተተኮሰ ሸሚዝ። ለካ ልጄ እኔን አትምጣ ብላ እሳቸውን ለምናቸዋለች። አስተባባሪዋ ሚስ አቼንግ ደግሞ «ካሪቡ ምዜ»፣ እንኳን ደህና መጡ አባት፣ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ለእኔ የደረሰኝ አንድ እጅ ነው፤ እሱም ወንበር እየጠቆመ።

ሚስ አቼንግ ዳኛ ምን እንደሚያይ ታስረዳን ጀመር። ተከራካሪው ያለው ነገር ምክንያትና ማስረጃ አለው ወይ? አቀራረቡ ለሰው ይገባል ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ተቃራኒው ወገን የተናገረውን ሰምቶ ለእሱ መልስ ሰጥቷል ወይ? ማንም ላላለው ነገር መልስ መስጠት ዋጋ የለውም አለች። ድምፅ ማጉላትም ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ደነገጥኩ፤ እኔ ዕድሜዬን የኖርኩት በድምፅ ነው። ዳኛው እሱ ራሱ የሚያውቀውን ወደ ጎን ትቶ ክፍሉ ውስጥ የተባለውን ብቻ ይመዝናል፤ የራሱ ልጅ ያለችበትንም አይዳኝም።

«ደግሞ እኩል ወጡ የሚባል ነገር የለም» አለች በመጨረሻ። «አንዱ የግድ ማሸነፍ አለበት።»

አጨበጨብኩ እንጂ አልገባኝም ነበር። እኛ ዘንድ እኮ አንዱ አሸንፎ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ከወጣ፣ የተሸነፈው ሽማግሌው ነው።

ለእኔ የደረሰኝ ግማሽ ፍጻሜ ነው። ከሁለት ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጆች፣ ሁለት በዚህ ሁለት በዚያ። የሚያሸንፈው ከፌቨን ቡድን ጋር ለዋንጫ ይገናኛል፤ የእነ ፌቨን ቡድን ቀደም ብሎ አሸንፎ ኮሪደር ላይ እየጠበቀ ነው። የመከራከሪያው ርዕስ «ተማሪዎች ስልክ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት መግባት ይፈቀድላቸው» የሚል ነበር። የስልክ ሽፋን የምሸጥ ሰው መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም፤ የማውቀውን ወደ ጎን ተው ተብያለሁና ሱቄንም ወደ ጎን ተውኳት።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርኩ። ልጆቹ ግን እየተናገሩ በሄዱ ቁጥር ነገሩ እየከረረ መጣ። ደጋፊዋ ልጅ «እናቴ ብትታመም ማን ይነግረኛል?» ስትል «እውነት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ደቂቃ የምትቆጥረዋ ተማሪ ደንግጣ ደወሏን ነካችው፤ ልጅቱም ሰዓቷ ያለቀ መስሏት ተቀመጠች። ተቃዋሚው ተነስቶ «በስልክ ምክንያት ጓደኛዬ ፈተና ወደቀ» ሲል «ፖሌ» አልኩት፣ አይዞህ ማለቴ ነው፤ የራሴን ውሃ ሰጠሁት። ቆሞ ጠጣ፤ የሚለው ጠፋው። ከዚያ በኋላ ልጅቱ «ተቃዋሚዎቻችን ግብዞች ናቸው» አለች፤ ልጁም «ግብዝ ማን እንደሆነ የታወቀ ነው» ብሎ መለሰ። ክርክሩ ሲያልቅ ሁለቱም ወገን ሳይተያይ ተቀመጠ።

ይህን ኩርፊያ አውቀዋለሁ። ስንቱን አይቻለሁ! ሱፌን ቆለፍኩና ተነሳሁ። አሁን አንዳቸውን አሸናፊ ብዬ እነዚህን ልጆች ደም ላቃባ? መጀመሪያ የአንደኛውን ወገን ልጆች ወደ ውጭ ጠርቼ ለብቻ አነጋገርኩ፤ ከዚያ የሌላውን። «እንዲህ ነው ወጉ፤ ሰው ባላጋራው ፊት ልቡን አይሰጥም» አልኳቸው።

«አንቺ ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ባይኖር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብታገኚው ምን ይልሻል?»

«እ... ለእናቴ ለመደወል ይበቃኛል።»

«አንተስ? ትምህርት ላይ እስካልበጠበጠ ድረስ ምሳ ሰዓት ላይ ቢያዩት ምን ይጎዳሃል?»

«ምንም» አለ ልጁ እየተገረመ።

ሁለቱንም መልሼ አስገባኋቸው። ጠዋት ስልኩ ለአስተማሪ ይሰጣል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይመለሳል። አንቺም ተዪ፣ አንተም ተው። «ግብዝ» የተባባሉትን ይቅር አባባልኳቸው፣ አስጨበጥኳቸው፣ እጄን ዘርግቼ በአማርኛ መረቅኋቸው። ልጆቹ ምኑም ሳይገባቸው «አሜን» አሉ። ደስ ሲል! ደቂቃ ቆጣሪዋ ብቻ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

ሚስ አቼንግ በሩን ከፍታ ገባች። «ማን አሸነፈ?»

«ተስማምተዋል» አልኳት።

«ማለት?»

«ጉዳዩ በእርቅ አልቋል።»

ሚስ አቼንግ እኔን አየች፣ ልጆቹን አየች፣ ተጨባብጠው የቀሩትን እጆች አየች። ከዚያ በሩን ዘግታ ወጣች። ወደየት እንደምትሄድ ሆዴ ነገረኝ። ተመልሳ ስትመጣ ከኋላዋ የተተኮሰ ሸሚዝ ነበር።

ክርክሩ ጋሽ ክፍሎም ፊት እንደገና ይካሄድ ተባለ። ግን ወገኖቼ፣ የታረቀን ሰው ማን ያከራክረዋል? ደጋፊዋ ተነስታ «ከዳኛው ጋር እንደተስማማነው...» ብላ ጀመረች። ተቃዋሚውም ተነስቶ «እህቴ ባለችው እስማማለሁ» አለ። ኮሪደር ላይ ያሉት ተማሪዎች በመስኮት ተንጠልጥለው ይስቃሉ። ከመካከላቸው ፌቨን አለች፤ እሷ ግን አትስቅም፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛዋለች። የምገባበት ጠፋኝ።

ጋሽ ክፍሎም አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ዝም ብለው ሰሙ። «ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩ የሚጠፋ ቢሆን ተጠያቂው ማን ነው?» ብለው አንዲት ጥያቄ ጣሉ። ልጆቹ በዚያች ፍርፋሪ ላይ እንደ አዲስ ተቀጣጠሉ። ሲያበቁ ሽማግሌው ተቃዋሚዎቹ አሸንፈዋል አሉ፤ ለምን እንደሆነም በአጭሩ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ቃል እየደገሙ አስረዱ። ያሸነፉት አመሰገኗቸው። ይህስ እሺ፤ የተሸነፉት ምን ሆነው ነው የሚያመሰግኗቸው? ልጅቱማ አብራቸው ፎቶ ተነሳች። «አንተ ሽማግሌ!» አልኩ በሆዴ።

ለፍጻሜው ሚስ አቼንግ የመጨረሻውን ረድፍ አሳየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ጋሽ ክፍሎምም ፌቨንን ያሠለጠኑ ስለሆነ መዳኘት አይችሉም፤ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አፌ በትእዛዝ የተዘጋ ስለሆነ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የያዘው ጆሮዬ ነው።

ርዕሱ «ወጣቶች ስለ ራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው ይወስኑ» የሚል ነበር። ፌቨን ደጋፊ ናት። ስትነሳ አላወቅኋትም። ቀጥ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማት ጠብቃ ጀመረች። ልጄ እንዲህ ታምራለች እንዴ? አልኩ። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው፤ እኔ ግን ይበልጥ በሰማሁ ቁጥር ነገሩ አማርኛ አማርኛ አለኝ።

«ተቃዋሚዎቻችን ‹ማን አብሮሽ ይሆናል?› ይላሉ» አለች። «ተቃዋሚዎቻችን ‹የቤተ ክርስቲያን ሰው ምን ይላል?› ይላሉ። ‹የሰው አገር ነው› ይላሉ። እኛ ግን የተወለድነው በሰው አገር ነው። ከዚህ ሌላ የት ሄደን ነው ደፋር መሆን የምንማረው?»

ተቃዋሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸውም እንዲህ አላሉም። ስለ ሕግና ስለ ዕድሜ ነበር ያወሩት።

የፌቨን ቡድን ተሸነፈ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ምክንያቱን ሲናገር ፌቨን ከሁሉም የተሻለች ተናጋሪ እንደነበረች መሰከረ፤ «ነገር ግን» አለ፣ «አዳራሹ ውስጥ ማንም ላላለው ነገር ነው መልስ የሰጠችው።»

ያለውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ። መጨረሻው ረድፍ ላይ የሠርግ ሱፍ ለብሶ ተቀምጧል።

«ጋሽ ክፍሎም» አልኩ በሹክሹክታ፣ «እርስዎ ቤት ስትለማመድ ከማን ጋር ነው የምትከራከረው?»

ሽማግሌው ጫማቸውን አዩ። «ካምፓላን እንቢ ካልካት ወዲህ፣ አንተን ሆኜ ነው የምቀመጥላት» አሉ። «የምትለውን ትነግረኛለች፣ እኔ እሱን እልላታለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ደህና አድርጌ አንተን መሆን ግን አልቻልኩበትም፤ ድምፄ አይደርስም።»

ልቆጣ ፈለግሁ። ዋንጫውን ያስበላኋት እኔ ነኝ፤ ለዚያ ሁሉ ክርክር ግን እኔን አልጠራችኝም። «ለምን ከራሴ ጋር አትከራከርም ታዲያ?» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጥቶ ሰው ዞሮ አየን።

ጋሽ ክፍሎም ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ በጠራ አማርኛቸው፣ ቀስ ብለው «ስዊድን ያለች ልጅ አለችኝ» አሉ። «የምላትን ሁሉ ‹እሺ ባባ› ትለኛለች። ከዚያ ስልኩን ትዘጋለች። እኔን ለማሳመን አንድ ቀን ደክማ አታውቅም። የአንተዋ ግን አንተን ለመርታት ስንት ማታ ስትደክም አየኋት። እውነቱን ልንገርህ? ቀናሁብህ።»

ወገኖቼ፣ ቀንቼ አውቃለሁ እንጂ ተቀንቶብኝ አያውቅም። እንዲህ መጣፈጡን ማን ነገረኝ? አዘንኩላቸው፤ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ግን ጣፈጠኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሦስታችንም አንድ ማታቱ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርን። ፌቨን መሃላችን ተቀምጣ ጉልበቷን ታያለች። ስላሸማቀቅኋት ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ያንን የካምፓላውን፣ ያልጨረስሽውን» አልኳት፣ «እስቲ ጨርሺው።»

ጋሽ ክፍሎምን አየቻቸው። እሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ደቂቃውን አስጀመሩ። ጀመረች። አማርኛውን ከእንግሊዝኛው፣ እንግሊዝኛውን ከስዋሂሊው እየደባለቀች፣ ቢሸነፉም ፋይናል መድረሳቸው እንደሚበቃ፣ አስተማሪዎች አብረው እንደሚሄዱ፣ የት እንደሚያድሩ፣ በየማታው እንደምትደውል፣ እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ማንም አብሮኝ እንዳልነበረ ተናገረች። ይህቺ የመጨረሻዋ ወጋችኝ። ለማቋረጥ ምላሴ ስንት ጊዜ ተነሳ፤ ስንት ጊዜ ነከስኳት። ሲያበቃ የተባለውን በራሴ ቃል ደገምኩላት። አንዷን ተሳስቼ አረመችኝ።

«እሺ፣ ፍርዱስ?» አለች።

«የራስን ልጅ መዳኘት አይቻልም ተብሏል» አልኩ። ጋሽ ክፍሎምም አሠልጣኝ ነኝ ብለው እጃቸውን አነሱ። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ኮንዳክተር ግማሹን ሰምቶ ኖሮ፣ «ምዜ፣ ምዋቼ አኤንዴ» ብሎ ፈረደ፤ ተዋት ትሂድ ማለቱ ነው። የኋላ ወንበር ሰዎችም ደገፉት።

«ሂጂ» አልኳት።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ግን ምክንያቴን ላስረዳ» ብዬ ጀመርኩ። ሚስ አቼንግ ዳኛ ምክንያቱን የሚያስረዳው በአጭሩ ነው ብላን ነበር፤ ቤት ደርሰን ስንወርድ እኔ ገና የንግግሬ መግቢያ ላይ ነበርኩ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፌቨን ፎቅ ወጣች። ለካምፓላው ልምምድ ነው። እኔ ከዚህ በኋላ አልቀናም ብዬ ሶፋው ላይ ተዘረጋሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን ውሃ መኖሩን መጠየቅ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ።

በሩ ጋ ስደርስ ድምፅዋ በደንብ ይሰማል። አስቸጋሪ ጥያቄ ጠይቀዋት ይመስለኛል፤ እያሰበች ነው።

«እንግዲህ» አለች፣ «አባዬ እንዳለው፣ ሰው ባላጋራው ፊት ልቡን አይሰጥም። ስለዚህ መጀመሪያ...»

ልጆቹን ሳስታርቅ ኮሪደር ላይ ሆና ሰምታኝ ኖሯል። ከውስጥ ጋሽ ክፍሎም ምንም አላሉም፤ የእሳቸውን ዝምታ እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። ለማንኳኳት ያነሳሁትን እጄን አውርጄ፣ ውሃ መኖር አለመኖሩን ሳልጠይቅ ቀስ ብዬ ደረጃውን ወረድኩ።